በአሉላ አባ ነጋ ደጃፍ የተማርሁት ብርሃን

መቀሌን ለቆ በስተምሥራቅ ወደ ኲሓ የሚወጣ መንገደኛ የእንዳ ኢየሱስን ዐቀበት፣ ይኸውም በ1888 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ ተይዞ በምሽጉ የተከበበው የጣልያን ጦር በውኃ ጥም የተጨነቀበትን ያን ጕብታ፣ ወጥቶ ሲጨርስ ከፊቱ ሰፊ ሜዳ ይዘረጋለታል፤ በዚህም ሜዳ ላይ ራስ አሉላ እንግዳ ከነፈረስ ስማቸው የሚታወሱበት የአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ይገኛል። ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ 2,250 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ምድሩም ሊቃነ ሥነ ምድር የሕንጣሎ ኖራ ድንጋይ ብለው የሚጠሩት ነጣ ያለ ዐለት የተነጠፈበት፣ አልፎ አልፎም ጥቁር ድንጋይ ሰንጥቆት የወጣ በመሆኑ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ያለው የፀሐይ ብርሃን ከላይ ወርዶ ብቻ አይቀርም፤ ከመሬትም ተመልሶ ይወጣል። ጥላው ጥቁር፣ ጸዳሉም ዐይን የሚወጋ ነው። እኔ መጀመሪያ ያገኘሁትን ካሜራ የለመድሁት በዚሁ ሜዳ ደጃፍ፣ እንግዳ ሊቀበል ከቆመው ሕዝብ መካከል ሆኜ ስለ ነበረ፣ ዛሬ ስለ ፎቶግራፍ የማውቀው ሁሉ ከዚህ ብርሃንና ከዚያ ሕዝብ ተለይቶ አይታየኝም።

በ2005 ዓ.ም. ክረምት በአሜሪካ የምትኖር የአጎቴ ልጅ ለአሸንዳ በዓል ስትመጣ፣ ካኖን 600ዲ የተባለውን ካሜራ በሹራብ ጠቅልላ በእጅ ሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። ያን ጊዜ በመቀሌ እንደዚህ ያለ ዕቃ በሰርግ አንሺዎች እጅ እንጂ እንደ እኔ ባለ የትምህርት ቤት መምህር እጅ የሚታይ አልነበረም። ከአዲስ አበባ የመጣው አውሮፕላን አርፎ፣ እልልታው ጋብ ብሎ፣ ገና ከማረፊያው ግቢ ሳንወጣ ሹራቡን ፈትቼ ወደ ዐይኔ አስጠጋሁት። የዚህ ዓይነቱ ካሜራ ምሥጢር በውስጡ ባለች አንዲት መስተዋት ላይ የቆመ ነው፤ በሌንሱ የገባው ብርሃን በዘመመችው መስተዋት ተመትቶ ወደ ላይ ስለሚመለስ አንሺው ሌንሱ የሚያየውን ያንኑ ያያል፤ ቁልፉ በተጫነ ጊዜ ግን መስተዋቷ ቀጭ ብላ ትነሣለች፣ ብርሃኑም ወደ ኋላ አልፎ ምስሉን ይጽፋል። እንግዲህ ምስሉ በሚጻፍባት በዚያች ቅጽበት የአንሺው ዐይን ይጨልማል ማለት ነው። ያነሣውን ነገር ራሱ አላየውም፤ ያየው ከእርሱ በፊት የነበረውንና ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ነው። ይህን ነገር ከተረዳሁ ወዲህ ስንት ዘመን ቢያልፍም እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

መምህሬ የሆኑት በቀዳማይ ወያነ ሰፈር ፎቶ ቤት የነበራቸው አንድ አዛውንት ናቸው። ፊልም በጨለማ ክፍል እያጠቡ፣ በኔጋቲቩም ላይ በቀጭን እርሳስ የፊት ምልክት እያለሰለሱ ያደጉ ሰው ስለ ነበሩ፣ የአፄ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ የነበረውን የአርመናዊውን የቤድሮስ ቦያጂያንንና እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ድረስ ቤተ መንግሥቱን ያገለገሉትን የልጆቹን ሥራ ባነሡ ቍጥር ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። አዲሱን ካሜራ አገላብጠው አዩትና፣ ካሜራው በራሱ ፈቃድ የሚሠራበትን አረንጓዴ ምልክት እንዳልነካ ከለከሉኝ። ከዚያም ብርሃን መለኪያ ባልነበረበት ዘመን የሚሠሩበትን ሕግ ነገሩኝ፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ በወጣ ጊዜ አፐርቸሩን 16 ላይ አድርግ፣ የፊልሙ ቍጥር 100 ከሆነ ሻተሩን ከ1/100 ሴኮንድ አጠገብ ያዝ፣ ከዚህ በኋላ የቀረው ሁሉ ከዚህ መነሻ እየወጡና እየወረዱ መሄድ ነው ማለት ነው። የአፐርቸሩ ቍጥር ባነሰ መጠን ቀዳዳው እንደሚሰፋ፣ ቀዳዳውም በሰፋ መጠን ከፊት ለፊት ያለው ገጸ መልክ ጠርቶ ከኋላው ያለው እንደሚደበዝዝ ያሳዩኝ ግን በቃል አይደለም፤ በፎቶ ቤታቸው ደጃፍ አንዲት የቡና ሲኒ በርጩማ ላይ አስቀምጠው፣ ከሲኒዋ ባሻገር የሚያልፈውን ባጃጅ እያስነሡኝ ነው።

ከሁሉ የበለጠውን ነገር ያስተማሩኝ ግን ከማረፊያው ደጃፍ ያነሣኋቸውን ፎቶዎች ይዤላቸው በሄድሁ ጊዜ ነበር። በዚያ ደጃፍ ልጆቻቸውን የሚጠብቁ እናቶች ሁሉ ነጭ ለብሰው ይመጣሉ፤ ነጠላው በጧት ብርሃን ሲበራ ለዐይን ደስ የሚል ነገር ሆኖ ሳለ በፎቶው ላይ ግን ነጠላው ግራጫ፣ የእናቲቱም ፊት በጽላሎት የተዋጠ ሆኖ ይወጣ ነበር። አዛውንቱ ትንሿን ማያ ራቅ አድርገው ከያዙ በኋላ «ወደይ፣ ይህ ዕቃ ነጭና ጥቁር አያውቅም፤ ሁሉን ዐመድ ማድረግ ነው የሚያውቀው። ከፊታቸው ለካ፤ ከነጠላቸው አትለካ» አሉኝ። ነገሩም እንዳሉት ነው። የካሜራው መለኪያ በፊቱ ያለው ሁሉ ከሚያርፍበት ብርሃን መቶ እጅ 18ቱን ያህል የሚመልስ መካከለኛ ግራጫ እንደሆነ አድርጎ ስለሚያስብ፣ ብዙ ነጭ ባየ ጊዜ ብርሃኑ የበዛበት መስሎት ይቀንሳል፤ ሲቀንስም መጀመሪያ የሚጠፋው የጠይም ሰው ፊት ነው። ስለዚህ ነጭ ለብሰው የቆሙ ጠይም እናት በፊቱ ባሉ ጊዜ አንሺው በራሱ ፍርድ አንድ ደረጃ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ብርሃን መጨመር፣ አለዚያም መለኪያውን በፊታቸው መካከል ወዳለች ጠባብ ስፍራ መሰብሰብ አለበት። ይህ በመጻሕፍት ተጽፎ የሚገኝ ነገር ነው፤ ነገር ግን የፈረንጅ መጽሐፍ ነጩን ምሳሌ የሚያደርገው በበረዶ ነው፣ እኛ ዘንድ ደግሞ በረዶው በእናቶቻችን ትከሻ ላይ ያለ ነጠላ ስለሆነ ትምህርቱ ወደ ልብ የሚገባው ከዚህ ወዲያ ነው።

ከትምህርት ቤት በተረፈኝ ጊዜ ሁሉ ወደ ማረፊያው መውጣቴ ይህን ለመለማመድ ነበር። ያለ ፈቃድ አውሮፕላኑንና ግቢውን ማንሣት ክልክል ስለሆነ ዘቦቹን አስፈቅጄ ከመኪና ማቆሚያው ወዲህ እቆማለሁ። ሕምባሻ በመሶብ ይዘው፣ ሕፃናትን አልብሰው፣ ከሪያድና ከዋሽንግተን፣ ከአዲስ አበባም የሚመጣውን ሰው የሚጠብቁ ቤተ ሰቦች አንዳንዶቹ «አንሣን» ይሉኛል፤ አንዳንዶቹም ፊታቸውን ያዞራሉ፣ ያዞረውንም አላነሣሁም። በነሐሴ 16 የአሸንዳ ልጃገረዶች ከበሮ ይዘው የውጭ አገር እንግዶችን ሊቀበሉ በወጡ ጊዜ ደግሞ ሌላ ነገር ተማርሁ። መቀሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13 ዲግሪ ተኩል ግድም ስለሆነች፣ በዚያ ሰሞን ፀሐይ ቀትር ላይ ከራስ አናት በላይ ለመሆን ጥቂት ይቀራታል፤ ደመናው የተከፈተ እንደሆነ የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር ይገባል፣ ቅንድብ በዐይን ላይ፣ የጕንጭም አጥንት በጕንጭ ላይ ጥላ ይጥላል፤ ስለዚህ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረድ እንኳ የታመመች መስላ ትታያለች። አዛውንቱ ለዚህ የነገሩኝ መድኃኒት ፍላሽ አልነበረም። ልጅቱን ወደ ግድግዳ ጥላ አስገባትና ፊቷን ፀሐይ ወዳረፈበት ነጭ ድንጋይ አዙራት፣ ድንጋዩ ያበራልሃል አሉኝ፤ እንዳሉትም አደረግሁ፣ የፊቷም ሸለቆ ሁሉ በለስላሳ ብርሃን ሞላ።

አንድ ቀን ደግሞ ለእንግዳ አቀባበል ተጠርቼ፣ ፈቃድም ተሰጥቶኝ ወደ ውስጥ ገባሁ። ከአዲስ አበባ የሚመላለሰው ኪው 400 አውሮፕላን በክንፎቹ ሥር ስድስት ስድስት ምላስ ያላቸው ሁለት ፕሮፔለሮች አሉት፤ ሻተሩ በ1/1000 ሴኮንድ ሲሆን ምላሶቹ ቀጥ ብለው ቆመው ይታያሉ፣ ያየውም ሰው ሞተሩ ጠፍቶ አውሮፕላኑ በአየር ላይ የተሰቀለ ይመስለዋል። ሻተሩን ወደ 1/80 ባወረድሁት ጊዜ ግን ምላሶቹ ክብ ሆነው እንደ ጭጋግ ታዩ፤ የአውሮፕላኑም አካል ጥርት ብሎ እንዲቀር እጅ ከአውሮፕላኑ ፍጥነት እኩል፣ ከወገብ ጀምሮ በዝግታ መዞር ነበረበት። እጅግ ፈጣኑ ሻተር እጅግ እውነተኛው አለመሆኑን ያየሁት በዚያን ጊዜ ነው።

ስለ ማስተካከሉ ሥራ፣ አሁን ሁሉ ሰው ኤዲት ስለሚለው፣ ጥቂት ረዘም አድርጌ ልናገር። ካሜራው ምስሉን በሁለት ዓይነት ያስቀምጣል፤ አንደኛው ጄፔግ የሚባለው፣ ካሜራው ራሱ አብስሎና አሳጥሮ የሚሰጠው ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብርሃን ብቻ ይይዛል፤ ሁለተኛው ሮው የሚባለው ግን ያልተነካው መዝገብ ስለሆነ እስከ 16,384 ደረጃ ይይዛል፣ በጨለማው ውስጥም ዐይን ያላየው ገና ብዙ ነገር ተሰውሮበት ይቆያል። ላይትሩም በተባለው የማስተካከያ ፕሮግራም የመጀመሪያውን ሮው ከፍቼ የጥላውን መዘውር ወደ ቀኝ በገፋሁት ጊዜ፣ ከኋላዋ ፀሐይ ስለ ወጣባት ጠፍታ የነበረች የአንዲት እናት ፊት ከነእንባዋ ቀስ በቀስ ወጣ። ያን ጊዜ በልቤ የመጣው በልጅነቴ ከአንድ የቅኔ መምህር ደጅ የሰማሁት የንባብና የትርጓሜ ሥርዓት ነበር፤ ንባቡ አንድ ነው፣ መተርጕሙ ይዘቱን ያፍታታዋል፣ የተሰወረውን ይገልጣል፣ ነገር ግን በንባቡ ላይ ቃል ሊጨምር ሥልጣን የለውም። ሮው ንባብ ነው፤ ላይትሩም ትርጓሜ ነው።

በከተማችን ፎቶ ቤቶች ግን በዚያ ዘመን ሌላ ልማድ ገብቶ ነበር። ሙሽሮቹ በማያውቁት ቤተ መንግሥት ደረጃ ላይ ይቆማሉ፤ ከኋላቸው ፏፏቴ ይወርዳል፤ ከሁሉም የሚያሳዝነው ፊታቸው እስኪገረጣ ድረስ ይነጣል፣ እጃቸው ግን ተረስቶ እንደ ጠየመ ይቀራል። ደንበኞቹ ራሳቸው «ቀላ አድርገኝ» ብለው ስለሚለምኑ ባለ ፎቶ ቤቶቹን ብቻ መውቀስ አይገባም። ነገሩ ሥሩ ሩቅ ነው፤ ኮዳክ የተባለው ማኅበር ለዓለም ፎቶ አጣቢዎች ያድለው የነበረው፣ ሸርሊ ካርድ የሚባለው የቀለም ማስተካከያ የነጭ ሴት ምስል ያለበት ነበርና፣ ለብዙ ዘመን የፊልም ቀለም ትክክል ነው የሚባለው የእርሷ ፊት ባማረ ጊዜ ነበር። እኔም ይህን ካወቅሁ ወዲህ የጠይምን ፊት በብርሃን አወጣለሁ እንጂ አላነጣም ብዬ ሥርዓት ሠራሁ፤ በዚህ ምክንያት ደንበኛ ሲሄድብኝም አልተጸጸትሁም።

በእርግጥ የዚህች ምድር ሰው በካሜራ ፊት የቆመው ከእኛ ዘመን አስቀድሞ ነው። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች አፄ ቴዎድሮስን ሊወጉ በዚህ ደጋ ላይ ሲያልፉ፣ የመሐንዲሶቻቸው ክፍል የመስተዋት ሳህንና የጨለማ ድንኳን ይዞ ነበር፤ የመንገዱን ካርታ በካሜራ እየገለበጠ ለመኰንኖች ያድል ነበር፣ በኋላም ሕፃኑን ልዑል ዓለማየሁን ያነሣው ይኸው ክፍል ነው። መቀሌን ለዓለም ሁሉ ያሳየው ግን በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ የታየው፣ ኬንያዊው መሐመድ አሚን ከማይክል ቡርክ ጋር ሆኖ በኮረምና በመቀሌ ያነሣው ፊልም ነው። በዚያ ፊልም ምክንያት እህል የጫኑ ሄርኩሊስ አውሮፕላኖች በመቀሌ ሜዳ አረፉ፤ የብዙ ሰው ነፍስ ተረፈ። መሐመድ አሚንም በ1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተነሣው የጥይት መጋዘን ፍንዳታ አንድ እጁን ካጣ በኋላ ሥራውን ሳይተው ኖሮ፣ በኅዳር 1989 ዓ.ም. ተጠልፎ በኮሞሮስ ባሕር ዳር በወደቀው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ውስጥ ሞተ፤ ለእርሱ ያለኝ አክብሮት ታላቅ ነው። ሆኖም የእኔ እኩዮች ወደ ውጭ አገር በሄዱ ጊዜ ከየት መጣችሁ ተብለው ከተማቸውን ሲጠሩ፣ ጠያቂው ፊት ላይ የሚያነቡት ያን ፊልም ነበረ፤ በውስጡም የታዩት እናቶች ማን እንደ ነበሩ፣ እንዲያ ሆነው መታየትን ይወዱ እንደ ሆነ የጠየቀ ጥቂት ነው።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ መጣ። ስለ እርሱ ብዙ መናገር የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም፤ በኋላ መብራቱም ስልኩም ባንኩም ተቋረጠ፣ ከዚያም አንድ ዓመት ተኩል ያህል በአሉላ አባ ነጋ የመንገደኛ አውሮፕላን አላረፈም ብል ይበቃል። ሰው ዕቃውን እየሸጠ እህል ሲገዛ ካሜራ የሚገዛ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ የእኔ ካሜራ ከእኔ ጋር ቀረ። የጎረቤቴ ልጅ በእጁ በነበረችው ትንሽ የፀሐይ መብራት ባትሪውን አልፎ አልፎ እየሞላልኝ፣ እኔም ኮምፒዩተሩ የማይከፈት ስለሆነ ያለፈውን ምስል በካሜራው ትንሽ ማያ ላይ ለሰፈር ልጆች አሳያቸው ነበር፤ እነርሱም የሕምባሻውን መሶብ ሲያዩ ጸጥ ይሉ ነበር። አዛውንቱ መምህሬም በዚያ ዘመን የስኳር በሽታ መድኃኒት አጥተው ዐረፉ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ይደምርልን።

በፕሪቶሪያ የሰላም ውል ከተፈረመ በኋላ አውሮፕላን የተመለሰበት ቀን ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ የጾመ ነቢያት ወራት፣ ሠለስቱ ደቂቅን ከሚነድደው እሳት ያወጣው የቅዱስ ገብርኤል ዓመታዊ በዓል ነበር። ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ነጠላውን እንዳጣፋ ወደ ማረፊያው ወጣ። ባትሪዬ አርጅቶ ስለ ነበረ ቁልፉን የምጫነው እየሳሳሁለት ነበር። አንድ ጎልማሳ ከበሩ ወጥቶ ሻንጣውን ጥሎ ሮጠ፤ ከሕዝቡም መካከል አንዲት ሴት፣ እኅቱ እንደ ሆነች በኋላ ሰማሁ፣ ወደ እርሱ ሮጠች፤ ሊገናኙ ሲሉ ቁልፉን ተጫንሁ፣ መስተዋቷ ተነሣች፣ ዐይኔ ጨለመ። መገናኘታቸውን ያየሁት ማታ መብራት በመጣ ጊዜ በኮምፒዩተሩ ላይ ነው። እርሱ ፊቷን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሳይስማት፣ ያያታል፤ ማን እንደ ሆነች ለማወቅ የሚመረምር ይመስላል። በዚያ ምስል ላይ ብርሃኑን በጥቂቱ ከማቅናት በቀር ምንም አልሠራሁም።

በዚያው ቀን ካነሣኋቸው አንዲት አደይ ልጃቸውን አቅፈው የቆሙበትን ፎቶ ሳሳጥብላቸው ግን ሌላ ነገር ሆነ። ፎቶውን በመስኮቱ በኩል አስጠግተው ካዩት በኋላ «ይህማ እኔ አይደለሁም፤ አጥንት ነው። በዚህ በኮምፒዩተርህ ጕንጬን ሙላልኝ፤ ካናዳ ላሉት ልጆቼ ነው የምትልክልኝ» አሉኝ። ለሙሽሮቹ ስነግር የኖርሁት ሥርዓት በአፌ ላይ ነበረ፤ እርሳቸው ግን ለመዋብ አልጠየቁም፤ እንዲያ ሆነው መታየትን አልፈቀዱም። ዝም ብዬ ወንበራቸውን አንሥቼ ወደ ውጭ አወጣሁት፤ በደጄ ባለው ጥላ ውስጥ አስቀመጥኋቸውና ፊታቸውን ፀሐይ ወዳረፈችበት የጎረቤት የኖራ ድንጋይ ግንብ አዞርሁ፣ ከነጠላቸውም ሳይሆን ከፊታቸው ለካሁ። የጕንጫቸውና የዐይናቸው ሥር ሞላ፤ ያው የእርሳቸው ፊት ነው፣ ምንም አልተጨመረበትም። ማያውን ሳሳያቸው ነጠላቸውን እንደ ገና አስተካክለው አንድ ጊዜ ደግሞ አስነሡኝና «እንዲህ ነኝ፤ ይህኛው ይሂድላቸው» አሉ። ፊተኛውን ላጥፋው እንደ ሆነ ብጠይቃቸው «ለምን ታጠፋዋለህ? የሆነው ሆኗል፤ ይቀመጥ። ልጆቼ ሲመጡ እኔ ራሴ አሳያቸዋለሁ፤ እስከዚያ ግን ለማንም እንዳትሰጥ» አሉኝ።